በ3ኛው ቀዳዳ የተደበቀችው ላ

አንድ የሃርሞኒካ ተጫዋች ድምፅ ማጠፍ መቻሉን ለማወቅ ፍጥነቱን አላይም። ትዝታን በወፍራሙ ኦክታቭ ሲጫወት ነው የምሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በዶ በተቃኘ ባለ 10 ቀዳዳ ሃርሞኒካ፣ ከ4ኛው ቀዳዳ ብንጀምር አምስቱም በተራ ይገኛሉ። ወርደን ከ1ኛው ስንጀምር ግን ላ የለችም። 3ኛው ቀዳዳ ሲነፋ ሶል፣ ሲሳብ ሲ ነው የሚሰጠው፤ ላ መሃል ላይ ተደብቃለች። እሷን ለማውጣት አየር እየሳቡ ምላስን ወደ ኋላና ወደ ታች መሳብ ነው። ሲ ትወርዳለች፣ ሲ ቤሞልን ታልፋለች፣ ላ ላይ ትደርሳለች። ትንሽ ካለፈች ላ ቤሞል ሆነች፤ ያቺ ደግሞ የትዝታ ማይነር ናት። በግማሽ ድምፅ ስህተት ሌላ ቅኝት ደጃፍ ቆምን ማለት ነው!

እዚያ ቦታ ላይ ምልክት የለም፤ ያለው ጆሮ ብቻ ነው። ያየኋቸው የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፦ ምላስ የት እንደሚቀመጥ ያሳያሉ፣ ድምፁ የት እንደሚያርፍ ግን አያስዘምሩም። ተማሪው ድምፁን ያንሸራትታል፣ አያደርሰውም።

ለመካነ ሰላም ልጅ ግን መምህሩ ቅርብ ነው። አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ብቻ ሳይሆኑ የወሎ ቦታዎችም ናቸው። የማሲንቆው የፈረስ ጭራ በጣት ሲነካ ከእንጨቱ ጋር አይጫንም፤ ድምፁን የሚያገኘው የአዝማሪው ጆሮ ነው። ዋሽንት ነፊውም ቀዳዳውን በከፊል ከፍቶ፣ ትንፋሹን መጥኖ ድምፁን ያጥፋል። እንግዲህ መጀመሪያ ከማሲንቆ ጋር ላን ማንጎራጎር፣ ከዚያ ሃርሞኒካውን ማንሳት ነው።

የውጭ መሣሪያ ይህን ጆሮ መሸከም እንደሚችል ጌታቸው መኩሪያ አሳይቶናል። በኢትዮፒክስ 14ኛ ቅጽ ላይ ሳክስፎኑ ይሸልላል፤ ድምፁ ቢጎተትም መድረሻውን ያውቃል። እሱን እንዳለ መቅዳት ግን ለትዝታ አያዋጣም ባይ ነኝ። ያ የማያርፍ ንዝረት ለሽለላ ነው ያማረው። ጀማሪ በትዝታ ላይ ቢያንቀጠቅጠው የሳታትን ላ ይሸፍንበታል።

ስለዚህ ላ መጀመሪያ ቀጥ ብላ ትቁም። ማስለቀሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።