በ1954ቱ ዋንጫ የተሸነፈው ማን ነበር?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የሚያወሱ የአማርኛ ጽሑፎች ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስማማሉ፤ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች። ውጤቱ ትክክል ነው። ስሙ ግን የዚያን ቀን ስም አይደለም። የተሸነፈው ቡድን የተሰለፈው «የተባበረው የዐረብ ሪፑብሊክ» ተብሎ ነው።

ስሙ በ1950 ዓ.ም. ግብፅና ሶርያ ሲዋሐዱ የወጣ ነው። ሶርያ በመስከረም 1954 ተገነጠለች። ካይሮ ግን ስሙንም፣ ሁለት ኮከብ ያለበትን ሰንደቅ ዓላማም አልተወችም። ስለዚህ ከፈረሰ አራት ወር ያልሞላው ኅብረት በኳስ ሜዳ ገና እንዳለ ይጠራ ነበር። «ግብፅ» ብሎ የሚጽፈው ሰው አንባቢን ላለማደናገር አስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን ናስር በስም አልቀበልም ያሉትን መለያየት እርሱ በአንድ ቃል ያጸድቀዋል።

የሚከብደው ስሕተት ግን በአሸናፊው ወገን ያለው ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስምም ያን ጊዜ ክርክር ነበረበት። በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው ኤርትራ፣ ፌዴሬሽኗ የፈረሰው ከዋንጫው ዐሥር ወር በኋላ፣ በኅዳር 1955 ነው። በምዕራባዊው የኤርትራ ቆላ የትጥቅ ትግሉ ከተጀመረ ደግሞ ወራት ተቈጥረዋል። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ ላይ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ነው። እንግዶቹ ሁለት ጊዜ መርተዋል። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎ በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ አቻ አደረጉ፤ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ።

የተለመደው ትረካ ከዚህ ሁሉ «ኢትዮጵያዊው አምበል» የሚለውን ብቻ ያስቀራል። ተገላቢጦሹ ደግሞ ድሉን ለአስመራ ልጆች ብቻ ይሰጥና ግርማንና መንግሥቱን ይውጣቸዋል። ከሁለቱም አገር የተሰደዱ ሰዎች ለዐሥርት ዓመታት ጎን ለጎን በኖሩባት በሾዋክ ይህ የቃላት ጨዋታ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እዚህ የጎደለ ስም ጎረቤትን ያስቀይማል።

ጸሐፊው ማድረግ ያለበት ብዙ አይደለም፤ ስሙን እንደ ነበረ መጻፍና ክርክሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነው። መቄዶንያ ከግሪክ ጋር በነበራት ሙግት «የቀድሞዋ የዩጎዝላቪያ ሪፑብሊክ መቄዶንያ» ተብላ ለዓመታት ተሰልፋለች፤ ስሙ አፍ ቢያደክምም ሙግቱ በመዝገብ ቀርቷል።

ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም የሚጓዝ የሚያልፍባት ወድ መዳኒ በ1962 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ስታስተናግድ፣ ያ ቡድን ያንኑ ስም እንደያዘ መጥቷል፤ ሶርያ ከወጣች ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሱዳን ረታችው። ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ በደርግ ዘመን ተሰድዶ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ ዐረፈ።