ጥቁር ልብስ የለበሰው ተማሪ፦ የጸጋዬን «ሐምሌት» ከግቢ ወጣቶች ጋር ማንበብ

ሐምሌትን ብዙዎቻችን በስሙ እናውቀዋለን። ንጉሥ አባቱ የተገደለበት የዴንማርክ ልዑል፣ በሌሊት የሚገለጥ መንፈስ፣ መርዝ የተቀባ ሰይፍ፣ በመጨረሻም በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚረግፉ ሰዎች። የበቀል ታሪክ ነው ብለን እናልፈዋለን። የበቀል ታሪክ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሐምሌት መጀመሪያ ወደ መድረኩ ሲወጣ ስለ ግድያው የሚያውቀው ነገር የለም፤ መንፈሱንም ገና አላገኘም። በዚያች ሰዓት ሐምሌት አባቱ ሞቶበት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ የመጣ፣ የሐዘን ልብሱን አላወልቅ ያለ፣ መኖር ያስጠላው ተማሪ ነው። ይህን ተማሪ ልብ ብለን ካነበብነው፣ ተውኔቱ ስለ ግቢ ወጣቶቻችን ብዙ ይነግረናል። ስለ እኛ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ይነግረናል፤ ይኼኛው ግን ብዙም ደስ አይልም።

ተውኔቱን ወደ አማርኛ የመለሰልን የዚሁ የእኛው አገር ልጅ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. አምቦ አካባቢ ቦዳ በተባለ ስፍራ ተወለደ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱንም አምቦ ተማረ። ከሼክስፒር ሥራዎች ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን በአማርኛ አቅርቦልናል። ስለዚህ አንድ የጊንጪ ወይም የአምቦ ተማሪ «ሐምሌት»ን ሲያነብ የሩቅ አገር ሰዎችን ታሪክ ቢሆንም የሚያነበው በአገሩ ልጅ ቋንቋ ነው።

ልዑሉ የሚማረው ዊተንበርግ ነው። ይህች ከተማ ለእኛ ለወንጌላውያን እንግዳ አይደለችም፤ ማርቲን ሉተር ያስተማረባት፣ በ1517 ዘጠና አምስቱን ነጥቦች ያወጣባት ከተማ ናት። ሐምሌት ወደ ትምህርቱ መመለስ ይፈልጋል፤ ንጉሡ አጎቱና እናቱ ግን ያስቀሩታል። አባቱ በሞተ በሁለት ወር ውስጥ እናቱ አጎቱን አግብታለች። ቤቱ ለሠርግ ደምቋል፤ ጥቁር የለበሰው እርሱ ብቻ ነው።

ብቻውን ሲቀር የሚናገረውን እናዳምጥ። ዓለም ጣዕም አጥታበታለች። ሥጋዬ ቀልጦ በጠፋ ይላል። ራሱን እንዳያጠፋ የሚከለክለው የእግዚአብሔር ትእዛዝ እንደሆነ ይናገራል። ቈይቶም ለሁለት የልጅነት ጓደኞቹ ደስታው ሁሉ እንደጠፋ፣ የለመደውን የአካል እንቅስቃሴ እንደተወ፣ ይህች ውብ ምድር ባዶ እንደሆነችበት ይነግራቸዋል። ክፉ ሕልም እንደሚያስቸግረውም ያነሣል። ገጸ ባሕርይን መርምሮ ካርድ ማውጣት የሒስ ሥራ አይደለም። ሆኖም ዛሬ የሕክምና ባለሙያዎች ድባቴ ስለሚሉት ሕመም ሲያስተምሩ የሚዘረዝሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየ ጥልቅ ሐዘን፣ ይወዱት ለነበረው ነገር ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን እንደማይረባ መቁጠር፣ ሞትን መመኘት።

በአንድ ነገር ግን ሐምሌት ከእኛ ተማሪዎች ይለያል። እርሱ ለሕመሙ ብዙ ቃል አለው። የእኛ ልጅ በዶርሙ አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ምን ሆንክ ሲባል፣ ያለው አንድ ቃል «ደብሮኛል» ነው። ፊልሙ ሲያሰለቸውም ደብሮኛል፣ ዝናብ ሲዘንብም ደብሮኛል፣ መኖር ሲያስጠላውም ደብሮኛል። ሰሚው የትኛውን እንደሆነ ካልጠየቀ አያውቅም። የዚህ ተውኔት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በዚያች አንድ ቃል ሥር ምን ሊኖር እንደሚችል ዘርዝሮ ያሳየናል።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች እንለፍ፤ ተውኔቱ የሚመረምረው እነርሱንም ነውና። ንጉሡ በአደባባይ ሐምሌትን ይገሥጸዋል። አባት መሞቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ አባትህም አባቱን ቀብሯል፣ ሐዘን ወሰን አለው፣ ከዚያ ያለፈው ወንድነት የጐደለው ነው፣ ሰማይንም ማስቀየም ነው ይለዋል። ልብ በሉ፤ የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። እንዲያውም ስብከት ይመስላል። «አማኝ አይጨነቅም»፣ «ጸሎት ስላቋረጥክ ነው»፣ «የጌታ ደስታ የት ሄደ?» ስንል ከዚህ ንግግር ጋር የሚዛመድ ነገር እንናገራለን። ሼክስፒር ግን ይህን ስብከት በማን አፍ እንዳደረገው አስተውሉ። ሟቹን የገደለው ራሱ ነው። ይህ ሰው ቈይቶ ተንበርክኮ ለመጸለይ ሲሞክር ቃሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ልቡ ግን ከታች ይቀራል። የሐምሌትን እንባ የሚጠላው እንባው እርሱን ስለሚከስሰው ነው። ሰውን ቶሎ እንዲጽናና የምናስገድደው አንዳንድ ጊዜ ለእርሱ አዝነን ሳይሆን፣ ሐዘኑ እኛን ስለሚያውከን ነው። ይህ ለዞናችን ቀላል ነገር አይደለም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ወንድሙን ወይም የክፍል ጓደኛውን ቀብሮ፣ ሳያለቅስ ወደ ትምህርቱ የተመለሰ ወጣት በመካከላችን አለ።

የቀሩት የቤተ መንግሥት ሰዎችስ? ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። ሽማግሌው አማካሪ ፖሎኒየስ የፍቅር ሕመም ነው ይላል። ንግሥቲቱ የአባቱ ሞትና የእኛ የቸኰለ ጋብቻ ነው ትላለች፤ ከሁሉ ይልቅ እርሷ ለእውነት ትቀርባለች። ንጉሡ ደግሞ ይህ ልጅ አደገኛ ነው ብሎ ይፈራል። ምክንያቱን ለማወቅ የሚያደርጉት ግን መሰለል ነው። ከመጋረጃ ኋላ ይደበቃሉ፤ ሁለቱን የልጅነት ጓደኞቹን ጠርተው ምስጢሩን እንዲያወጡለት ይልካሉ። ሐምሌት እነዚህን ጓደኞቹን በራሳችሁ ፈቃድ መጣችሁ ወይስ ተጠርታችሁ ብሎ ይይዛቸዋል። ተጠርተው እንደመጡ ሲያምኑ ያቺ ወዳጅነት አለቀች። ከዚያ በኋላ የሕመሙን ምክንያት አይገልጥላቸውም። በእኛም ዘንድ «ፍቅር ይዞት ነው»፣ «መንፈስ ነው»፣ «ትምህርቱ ከብዶት ነው» የሚል አይጠፋም። በአደራ የተነገረ ምስጢር በማግስቱ በስም ተጠርቶ የጸሎት ርእስ ይሆናል። ልጁ ከዚያ በኋላ ለማንም አይናገርም። ያ ዝምታው እልከኝነት እንዳልሆነ ከሐምሌት እንማራለን።

ከሐምሌት ይልቅ የሚያሳዝነው የኦፌሊያ ነገር ነው። ሐምሌት ቢያንስ ይናገራል። ኦፌሊያ ግን በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች የምትሰማው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ወንድሟ ያዛታል፣ አባቷ ያዛታል፣ ለስለላም ያቆማታል። የሚወዳት ሐምሌትም በክፉ ቃል ይሰብራታል። አባቷ በሐምሌት እጅ ሲገደል፣ በችኰላና በምስጢር ሲቀበር፣ አእምሮዋ ይናወጣል። ያን ጊዜ እየዘፈነችና አበባ እያደለች በቤተ መንግሥቱ ትዞራለች፤ ሰዎቹ ያዝናሉ፣ ያያሉ፣ ይፈራሉ። ንጉሡ ተከታተሏት ይላል፤ ይሁንና ውኃ ውስጥ ገብታ ሞተች የሚል ወሬ ይመጣል። በቀብሯ ላይ ካህኑ አሟሟቷ ስላጠራጠረው ሥርዓቱን ያሳጥራል፤ ወንድሟም በቁጣ ይመልስለታል። ይህ ትዕይንት ለቤተ ክርስቲያን የተጻፈ ይመስለኛል። ኦፌሊያ በሕይወት ሳለች ካህኑን አናየውም። የምናየው ምን ያህል ጸሎት እንደሚገባት ለመለካት በቀብሯ ቀን ሲመጣ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሆሬሺዮ አለ። ከዊተንበርግ የመጣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ ድኻ ነው፤ በተውኔቱ ውስጥ ብዙ አይናገርም። ሐምሌት ግን የሚያምነው እርሱን ነው። ሆሬሺዮ አይሰብክም፣ አይሰልልም፣ ምክንያት አይፈጥርም። አደጋ ሲያይ ያስጠነቅቃል፤ ሐምሌት መንፈሱን ተከትሎ ሲሄድ ለመያዝ ይታገላል፤ ለመጨረሻው የሰይፍ ግጥሚያም ልብህ ካልወደደው ይቅር ይለዋል። ዝም ማለትንም መከልከልንም ያውቃል። የኢዮብ ወዳጆች ክርክር ከመጀመራቸው በፊት ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ መቀመጣቸውን መጽሐፉ ይነግረናል፤ ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ያ ነበር። ሆሬሺዮ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ተውኔቱን ሳመሰግን ጉድለት የሌለበት አድርጌ አይደለም። አንደኛ፣ ሕመም ሰውን ለመጉዳት ፈቃድ እንደማይሰጥ አንባቢ ሊስተው ይችላል። የሐምሌት ንግግር ውበት ይማርከንና ለኦፌሊያ የተናገረውን፣ በአባቷም ላይ ያደረገውን እንረሳለን። ሁለተኛ፣ የጸጋዬ አማርኛ ከፍ ያለ ነው። ከባድ ሐዘንን ግርማ ያለብሰዋል። ነገር ግን ድባቴ በአብዛኛው ግርማ የለውም፤ ያልታጠበ ልብስ፣ ያልተበላ ምሳ፣ የተዘለለ ክፍለ ጊዜ ነው። ወጣት አንባቢ ሐምሌትን አይቶ ሕመሙን የጥልቅ ሰዎች ምልክት አድርጎ እንዳይወድደው እሠጋለሁ። ሦስተኛ፣ በዚያ ቤት ሐኪም የለም። ሆሬሺዮ ወዳጅ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ወዳጅ ብቻውን የማይችለው ሸክም አለ።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከእውነተኛው ዊተንበርግ አንድ ታሪክ ልጨምር። ሉተር ራሱ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያሠቃየው ነበር፤ 1527 በተለይ ከባድ ዓመት ሆነበት። በቤቱ ይኖር የነበረ፣ ልጆቹንም ያስተምር የነበረ የሮም ቬለር የተባለ የነገረ መለኮት ተማሪም በዚሁ ይሠቃይ ነበር። ሉተር በ1530 ሲጽፍለት እምነትህ ደክሟል ብሎ አልከሰሰውም። ብቻህን አትሁን፣ ከሰው ጋር ተጫወት፣ ሳቅ ብሎ መከረው፤ እኔም ይህ ደርሶብኛል አለው። ከሉተር በፊት ደግሞ ኤልያስ አለ። በ1ኛ ነገሥት 19 ነቢዩ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ሞትን ሲለምን፣ እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ መጀመሪያ ያመጣለት እንጎቻና ውኃ ነው። ነቢዩ በላ፣ ተኛ፣ እንደገና በላ። ጥያቄና ተልእኮ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መዝሙር 88ም በጨለማ ጀምሮ በጨለማ ያበቃል፤ እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ጸሎት ከመዝሙሩ መጽሐፍ አላወጣውም።

ነገሩ የጥቂቶች ነው ለሚል ሰው፣ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥናት ከመቶ 41 ገደማ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳላቸው አግኝቷል። በ2020 የታተመው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ከመቶ 28 ገደማ የሚሆኑት የድባቴ ምልክት እንዳላቸው ያሳያል። መጠይቆቹ የተለያዩ ናቸው፤ ምልክት ማሳየትም በሐኪም ከተረጋገጠ ሕመም ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም ሠላሳ ወጣት በሚሰበሰብበት ፌሎሺፕ ውስጥ ስንቱ ፈገግ ብሎ እየዘመረ በውስጡ እንደሚደክም መገመት አያቅትም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ ሥራ ማጣት አለ፤ ልጃችን ይደርስልናል የሚል ቤተሰብ አለ።

ስለዚህ የወጣቶች ኅብረታችሁ ይህን ተውኔት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጋራ ያንብበው። ንጉሡን፣ ፖሎኒየስን፣ ሆሬሺዮን ለተለያዩ ሰዎች ስጡና፣ በእኛ መካከል ንጉሡ የሚናገረው በማን አፍ ነው ብላችሁ ተወያዩ። ከዚያ ወደ ሥራ ግቡ። ሁለት ሳምንት ያልታየውን ልጅ ዶርሙ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። «ደብሮኛል» ካለ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁት። ሞትን ይመኝ እንደሆነም በግልጽ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ ብቻውን እንዳልሆነ ያሳየዋል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ሆስፒታል አብራችሁ ውሰዱት። ድባቴ በምክር ሕክምናና በመድኃኒት ይታከማል፤ መድኃኒቱ ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት ስለሚወስድ በሦስተኛው ቀን አልረዳኝም ብሎ እንዳይተወው አበረታቱት። ሐኪም ዘንድ መሄድ ጸሎትን መተው አይደለም፤ ጸልዩለትም፣ ውሰዱትም።

በመጨረሻው ትዕይንት ሐምሌት እየሞተ ሳለ፣ ሆሬሺዮ ከወዳጁ ጋር ለመሞት የቀረውን መርዝ ለመጠጣት ጽዋውን ያነሣል። በተውኔቱ መጀመሪያ መሞትን የተመኘው ሐምሌት፣ በቀረችው ጉልበት ጽዋውን ከእጁ ይነጥቀዋል፤ ኑርና ታሪኬን ተናገር ይለዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ሕመሙን በደንብ የሚያውቀው እርሱ ነበር፤ የወዳጁን ጽዋ የነጠቀውም እርሱ ሆነ። በኅብረታችን ውስጥ ከዚህ ሕመም የዳናችሁ፣ ወይም ዛሬም የምትታገሉ ካላችሁ፣ ለወንድሞቻችሁና ለእህቶቻችሁ ከማናችንም በላይ ታስፈልጋላችሁ።