የስም አወጣጥ ደንብ በ‹ሲ› ፕሮግራምና በኢሉባቦር ከተሞች ስም ሲፈተን

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በጋራ ለሚሠሩት ሥራ የሚያወጡት የአጻጻፍ ደንብ በመጀመሪያ ሲታይ የቋንቋ ባለሙያን የሚመለከት አይመስልም። ደንቡ በጥሞና ሲመረመር ግን ሰፊው ክፍል ስለ ስም አወጣጥ፣ ስለ ቃላት አከፋፈልና ስለ ፊደል አጠቃቀም የሚደነግግ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዘወትር የሚታገልበት ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ፣ በ‹ሲ› ቋንቋ ለሚዘጋጁ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የወጡትን ደንቦች፣ በተለይም የ‹ግኖም›ን፣ ከአማርኛ አጻጻፍ አንጻር እንመረምራለን። ለመፈተኛ የመረጥነው የመቱንና የኢሉባቦርን ከተሞች ስም ነው፤ አንዱ ስም በሁለት ቋንቋና በሁለት ፊደል፣ በአማርኛም ብቻ በልዩ ልዩ ሆሄ የሚጻፍበት አካባቢ ስለሆነ የደንቡን ጥንካሬም ሆነ ድክመት አጉልቶ ያሳያል።

‹ሲ› እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ በዴኒስ ሪቺ የተዘጋጀ ቋንቋ ነው። ቋንቋው ራሱ መስመር ከየት እንደሚጀመር፣ ጥምዝ ቅንፍ የት እንደሚያርፍ፣ ስም በምን ሥርዓት እንደሚወጣ አይወስንም። ስለሆነም ሥራው በብዙ ሰዎች እጅ ሲገባ እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ደንብ ማውጣት ግድ ሆነበት። የ‹ግኑ› ደንብ የውስጥ መስመር በሁለት ባዶ ቦታ ገባ እንዲል ሲያዝ፣ የ‹ሊነክስ› ከርነል ደንብ ስምንት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ግኖም ደግሞ ከሁሉ በላይ ትኩረቱን በስም ላይ አድርጓል።

ከበጎው እንጀምር። በግኖምና መሠረቱ በሆነው በ‹ጂቲኬ› ልማድ የአንድ ተግባር ስም ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ የስብስቡ ስም፣ ቀጥሎ የነገሩ ስም፣ በመጨረሻ ድርጊቱ። ክፍሎቹ በግርጌ ሰረዝ ይለያያሉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በተፈጥሮ ንግግሩ ድርጊቱን አስቀድሞ «ዝጋ መስኮት» በሚል ተራ ይናገራል፤ ደንቡ ግን «መስኮት_ዝጋ» እንዲል ያስገድደዋል። ይህ ቅደም ተከተል ለእንግሊዝኛ እንግዳ፣ ለአማርኛ ግን የገዛ ቤቱ ነው። ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ይህን ደንብ ለመቀበል ምንም ማሻሻል አያስፈልገውም። በእኛ አስተያየት ይህ ደንብ ከነሥርዓቱ ሊወሰድ የሚገባው ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የሚታየው ደንቡ የስምን ወገን በፊደል መጠን ለመለየት በመነሣቱ ነው። ተግባር በትንንሽ ፊደል፣ የነገር ዓይነት እያንዳንዱ ቃል በትልቅ ፊደል እየተጀመረ፣ ማክሮና ቋሚ እሴት ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ። የላቲን ፊደል ለለመደ ሰው ይህ በዓይን የሚለቀም መልካም ምልክት ነው። የግእዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። «ከተማ» ተግባርም፣ ዓይነትም፣ ቋሚም ቢሆን ያው «ከተማ» ነው። ደንቡ ለዓለም ሁሉ የወጣ መስሎ ሲቀርብ፣ በውስጡ ያለው ግምት ግን የአንድ ፊደል ቤተሰብ ንብረት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ሆሄን ይመለከታል። ደንቡ ስም ግልጽ ይሁን፣ ያለ ልክ አይጠር ይላል፤ አንድ ቃል አንድ ሆሄ ብቻ አለው የሚለውን ግን ሳይናገር እንደ እውነት ወስዶታል። ከበደሌ ተነሥቶ በያዮ፣ በሁሩሙና በመቱ በኩል ወደ ጎሬ የሚወስደውን መንገድ ተከትለን ስሞቹን እንጻፍ። ‹ያዮ› ‹ያዩ› ተብሎም ይጻፋል። ‹ሁሩሙ› በሃሌታው ሁ፣ በሐመሩ ሑ፣ በብዙኃኑ ኁ ሦስት መልክ ሊይዝ ይችላል። በዚያው አካባቢ ያለው ‹ሀሉ› ወረዳ ደግሞ ግእዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው ስድስት መልክ አለው፤ ሀሉ፣ ሃሉ፣ ሐሉ፣ ሓሉ፣ ኀሉ፣ ኃሉ። ለአንባቢ ስድስቱም አንድ ወረዳ ናቸው፤ ለኮምፓይለር ግን ስድስት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ተገላቢጦሹም አለ። መጥበቅና መላላት በፊደላችን ስለማይታይ ‹ገና› የተባለ ስም በዓሉንም ‹እስካሁን› የሚለውንም ሊያመለክት ይችላል፤ ኮምፓይለር ግን ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ ይወስዳቸዋል።

የ‹ሲ› ደረጃ ራሱ ለፊደላችን ያሳየው አቀባበልም ሊታወቅ ይገባል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በ‹ዩኒኮድ› 3.0 ገባ። በዚያው ዓመት የወጣው የ‹ሲ› ደረጃ በስም ውስጥ የሚፈቀዱ ፊደላትን ሲዘረዝር አርመንኛን፣ ጆርጂያንኛንና ቲቤትኛን ጨምሮ የእኛን ዘለለ። የ2011ዱ ደረጃ ወሰኑን ሲያሰፋ ፊደላችን ገባ፤ ነገር ግን ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ጭምር በስም ውስጥ ተፈቀዱ። በ2024 የታተመው ደረጃ የዩኒኮድን የስም ሕግ ስለተከተለ ሥርዓተ ነጥቡን አወጣ፤ ከአኃዞቻችንም ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን በስም መካከልና መጨረሻ ሲፈቅድ ከ፲ ጀምሮ ያሉትን ከለከለ። «ወረዳ፱» ትክክል ሲሆን «ወረዳ፲» ስሕተት ይሆናል ማለት ነው።

ርዝመትም ሌላ ጣጣ ነው። ከአንድ ፋይል ውጭ ለሚታዩ ስሞች ደረጃው ዋስትና የሚሰጠው ለ31 ምልክት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ እንደ ስድስት ምልክት ይቆጠራል። ‹ኢሉባቦር› አምስት ፊደል ስለሆነ 30ውን ይጨርሳል። ‹ኢሉ_አባ_ቦር› ተብሎ ሲከፈል ግን ከወሰኑ ያልፋል። እርግጥ በሥራ ላይ ያሉ ኮምፓይለሮች ከዚህ እጅግ የሚረዝም ስም ይቀበላሉ፤ ይሁንና ዝቅተኛው ዋስትና ለማን እንደተለካ ይህ ስሌት በቂ ምስክር ነው።

«ታዲያ ሁሉም በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ችግሩ አይቀርም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች አብረው ለሚሠሩበት ፕሮግራም ይህ ተገቢ ስምምነት ነው። የቦታ ስም ግን አይተረጎምም። መቱ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ አንድ ጊዜ በአንድ ‹ቲ›፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ይጻፋል፤ በቁቤ ደግሞ ‹ቲ›ውም መጨረሻው ‹ዩ›ም ይደገማሉ። ቁቤ መጥበቅንና የአናባቢን ርዝመት ስለሚያሳይ በዚህ ረገድ ከአማርኛው ይልቅ ትክክለኛ ነው። ወደ ላቲን ፊደል መሸሽ የሆሄውን ጥያቄ ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አይፈታውም።

ስለዚህ ደንቡን ለሚተረጉሙና ለሚያዘጋጁ አራት ነጥብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በፊደል መጠን ፈንታ የስም ወገን በመጨረሻ ቃል ይለይ፤ «ከተማ_ዓይነት»፣ «ከተማ_ቋሚ» እንደ ማለት። ሁለተኛ፣ የተግባር ስም በትእዛዝ ሳይሆን በንኡስ አንቀጽ ይውጣ፤ «መስኮት_መዝጋት» ሲባል «ዝጋ»፣ «ዝጊ»፣ «ይዝጉ» የሚለው የጾታና የአክብሮት ምርጫ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ከግእዝ ላልመጡ የቦታ ስሞች ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ብቻ ይመረጡ፤ ከግእዝ የመጡት ቃላት የመዝገበ ቃላቱን ሆሄ ይከተሉ። አራተኛ፣ ፕሮግራሙ ከተማን የሚያውቅበት መለያና ለተጠቃሚው የሚያሳየው ስም ይለያዩ። ግኖም የሚጠቀምበት ‹ጌትቴክስት› የሚታየውን ጽሑፍ ከፕሮግራሙ ለይቶ ለተርጓሚ ስለሚሰጥ መንገዱ ተጠርጓል፤ መለያው አንድ ሆኖ ሳለ አማርኛውም ቁቤውም በየፊደላቸው በትክክል ሊታዩ ይችላሉ።

ነገሩ የፕሮግራም ጸሐፊዎች የውስጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ መዝገብ ‹ሀሉ›፣ በሌላው ‹ሃሉ› ተብሎ የገባ ሰው ወረዳው ሲፈለግ ከዝርዝሩ ይጎድላል፤ ጉድለቱንም የሚያስጠነቅቅ ምልክት አይኖርም። የግኖም ደንብ ሥርዓትን ያስተማረ፣ የቃላት ተራውም ለአማርኛ የተስማማ መልካም ሥራ ነው። የጎደለው የእኛ ድርሻ ነው፤ የሆሄ ውሳኔ ከኮምፓይለር አይጠበቅም፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሥራ ነው፤ እነርሱ እስካልወሰኑ ድረስም እያንዳንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ ለየራሱ ሲወስን ይኖራል።