የመኪና በር ስፒከር ውለታ

በእጅ የተሠራ ተንጠልጣይ ማጫወቻ ድምፁ ሲሰልል ሰው ሁሉ አምፕሊፋየሩን ያማል። እኔ ግን የማደንቀው ርካሹን መፍትሔ ነው፦ ከመኪና በር የተፈታ አሮጌ ስፒከር። መርካቶ ምናለሽ ተራ የወረደ ሰው አያጣውም።

ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት ነው። ዋቱ ግን ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ኃይል እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይናገርም። ቁም ነገሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚለካው ዴሲቤል ነው። 92 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በ10 ዋት የሚያሰማውን ድምፅ፣ 89 ዴሲቤል ያለው ለማሰማት 20 ዋት ይፈልጋል። በባትሪ ለሚሠራ ዕቃ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ዴሲቤሉ ከፍ ያለ የመኪና ስፒከር ከተገኘ አዲስ አምፕሊፋየር ሳይገዛ ድምፁ ይጎላል።

አብዛኛው የመኪና ስፒከር 4 ኦም ስለሆነ አምፕሊፋየሩ ይህን መቻሉን አረጋግጡ። ሣጥኑም ቺፑድ ይሁን ጣውላ ስንጥቁ በሲሊኮን ይደፈን፤ ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ሾልኮ ከፊተኛው ጋር ከተገናኘ ቤዙን ይገድለዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት የስፒከሩን ወረቀት በጣታችሁ ዙሪያውን እኩል ጫን አድርጉት፤ ከፈገፈገ ተዉት። ሻጩንም በባትሪ ድንጋይ እንዲያስነካላችሁ ጠይቁት፤ ካቅማማ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።