ከማጥራት በፊት ማደብዘዝ

የአሮጌ ቪትዝ የፊት መብራት ከወየበ መኪናዋ ያለ ዕድሜዋ ታረጃለች። ቀለሟ ቢያብረቀርቅ፣ ጎማዋ አዲስ ቢሆን፣ ዓይኗ ሞራ ከለበሰ ሰው የሚያየው እሱን ነው።

መስታወት የሚመስለው ሽፋን ፖሊካርቦኔት የሚሉት ፕላስቲክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ፀሐይ የሚከላከልለት ስስ ልባስ አለው፤ ያ ልባስ ሲላላጥ ቢጫው ይመጣል። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ፀሐይዋ አትምርም። የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ባለቤት ይህን ጣጣ አያውቀውም፤ የእሱ መብራት የምር መስታወት ነው።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጋራዥ ሄደው የወየበውን የቪትዛቸውን መብራት ማስቀየር አልፈለጉም። ባልዲ ውሃ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ፖሊሽ፣ ያረጀ ካናቴራ፣ ከ800 እስከ 3000 ቁጥር ያለው ብርጭቆ ወረቀት ይዘው ግቢያቸው ውስጥ ተቀመጡ።

ብዙ ሰው የሚቸኩልበትን ፕላስተር እሳቸው ሲለጥፉ ማየት ደስ ይላል። ኩርባው ላይ አንዱን ረጅም ፕላስተር አላጣመሙትም፤ እያጠሩ ቆራርጠው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ትንሽ እየደረቡ፣ በጥፍራቸው ጥግ ጥጉን አስያዙት። የኮፈኑን ጠርዝ በድርብ ሸፈኑት። ቀለም ጠርዝ ላይ ስስ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካገኘው ላሜራው ብቅ ይላል።

ከዚያ በ800 ቁጥር፣ ውሃ እያስፈሰሱ፣ ወደ ጎን ብቻ ፈተጉ። ቢጫ ውሃ ወረደ። ነጭ ሲሆን የድሮው ልባስ እንዳለቀ አወቁ። መብራቱ ግን ጭራሽ ጉም ሆነ።

ውሃ የሚያፈስላቸው ልጅ ደነገጠ። «ጋሼ፣ አበላሹት እኮ!»

«አንተ ውሃህን አፍስስ።»

የሙያው ቁልፍ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ቀጣዩ ወረቀት መብራቱን አያጠራውም፤ ያለፈውን ጭረት በሌላ፣ በረቀቀ ጭረት ይተካዋል እንጂ። ስለዚህ 1500 ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አዙረው ከላይ ወደ ታች ፈተጉ። አግድም የሄደ ጭረት አንድም እንኳ ከቀረ ተሻግሮ ይታያል፤ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈትግ ሰው ግን የትኛው ጭረት የማን እንደሆነ አይለይም። በየመሐሉ ደግሞ ያደርቁታል። እርጥብ ፕላስቲክ ይዋሻል፤ ውሃው ጭረቱን ሞልቶ ጥርት ያለ ያስመስለዋል። አድርቀው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ በፀሐይዋ አግድም ይመለከቱታል። ያልጠፋ ካገኙ ወደኋላ ይመለሳሉ እንጂ ፖሊሹ ይሸፍነዋል ብለው አያልፉም።

የጥርስ ሳሙና የሚቀቡትን አልንቅም። ሳሙናው ውስጥ የሚፈትግ ነገር ስላለ ለጊዜው ያበራል። ነገር ግን የላይ የላዩን ብቻ ነው የሚነካው፤ የተላጠውንም ልባስ አይተካም። ጎረቤቴ ከፖሊሹ በኋላ በአልኮል ጠርገው፣ ፀሐይ የሚከላከል ክሊር ስስ አድርገው ደጋግመው የነፉት ለዚህ ነው። ራቁቱን የቀረ ፕላስቲክ ተመልሶ ይወይባል።

እንዲህ መድከም ዛሬ ያዋጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ያለችውን መያዝ ነው።

ጎረቤቴ ወደ ውስጥ የገባውን የኋላ ፓራውልትም የፈላ ውሃ አፍስሰው ከውስጥ ገፉት፤ ተመለሰ። እሱ ብልሃት እንጂ ሙያ አይደለም፣ ማንም ያደርገዋል። እኔ ያደነቅሁት በግራው መብራት ላይ ጠጠር የነደለውን ነጥብ የያዙበትን መንገድ ነው። ነጥቡ ጥልቅ ነው። እሱን ለማጥፋት አንድ ቦታ ላይ ቢፈትጉ ሽፋኑ ይጎደጉዳል፣ ብርሃኑም ይዛባል። በጣታቸው ዳሰሱትና ዙሪያውን እኩል አልሰው እሱን እንዳለ ተዉት።