«ጂኦሜትሪ ዋርስ» እንደገና ሲታይ

የቪዲዮ ጨዋታ በመምህራን መጽሔት ሲተች ማየት እምብዛም ያልተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዕዳ አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማሠልጠኛ ተቋማችን አንድ ዕጩ መምህር፣ ለማስተማር ዘዴ ጥናቱ «ጂኦሜትሪ ዋርስ» የተባለውን የተኩስ ጨዋታ ልውሰድ ብሎ ቢጠይቀን «ይህማ ጊዜ ማጥፊያ ነው» ብለን መለስነው። ጨዋታውን ግን ከቶ አላየነውም ነበር። ዘንድሮ ተቀምጠን ተጫወትነው፤ ፍርዳችንንም መመርመር ግድ ሆነብን።

ጨዋታው ሊቨርፑል ከተማ በነበረው ቢዛር ክሪኤሽንስ በተባለ ድርጅት የተሠራ ሲሆን፣ ዋናው ሠሪ ስቲቨን ኬክብሬድ ነው። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ውስጥ እንደ ምርቃት የገባ ትንሽ ነገር ነበር። በ2005 «ሬትሮ ኢቮልቭድ» በሚል ስም ለኤክስቦክስ 360 ራሱን ችሎ ወጣ። መልኩ ሆን ተብሎ የጥንት ነው። ጥቁሩ መደብና የሚያበሩት መስመሮች የ1979ኙን «አስትሮይድስ» ያስታውሳሉ፤ በአንድ እጅ መንቀሳቀስ፣ በሌላው መተኮስ ደግሞ ከ1982ቱ «ሮቦትሮን» የተወረሰ ነው።

ታዲያ የጥንት መልክ ብቻውን ምን ይፈይዳል? የጨዋታው ጥንካሬ ሌላ ቦታ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ አንድ ሕግ ያለው መሆኑ ነው። ሐምራዊው መዘውር ያለ ዓላማ ይንሳፈፋል። ሰማያዊው ሮምበስ ተጫዋቹን ይከተላል። አረንጓዴው ካሬ ከጥይት ይሸሻል። ሮዙ ካሬ ሲመታ ተከፋፍሎ ትናንሽ ካሬዎች ይሆናል። ቀዩ ክብ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል። ይህን የሚያብራራ መምህር የለም፤ ተጫዋቹ እየተሳሳተ ሕጉን ራሱ ያገኘዋል። እያንዳንዱ ለብቻው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሲደባለቁ ነው። የሒሳብ መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል፤ በመጀመሪያ አንዱን ሕግ፣ ቀጥሎ ሁለቱን፣ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ ጥያቄ ውስጥ ነው የምናቀርበው።

ይበልጥ ያስገረመን ግን «ፓሲፊዝም» የሚባለው ክፍል ነው። በ2005ቱ ጨዋታ ለመጀመሪያዎቹ 60 ሴኮንዶች አንድም ጥይት ሳይተኩስ የቆየ ተጫዋች ሽልማት ይመዘገብለት ነበር። በ2008 በወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ይህ ሐሳብ ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። ተጫዋቹ መሣሪያ የለውም። ሮምበሶቹ በየአቅጣጫው እየጎረፉ ይከተሉታል። መዳኛው በሜዳው ላይ በተበተኑት በሮች መካከል ማለፍ ነው፤ በሩ ሲታለፍ ይፈነዳና በቅርብ ያሉትን ያጠፋል። ስለዚህ ብዙ ነጥብ የሚያገኘው የሸሸው ሳይሆን፣ ጠላቶቹን ከኋላው ሰብስቦ በትክክለኛው ሰዓት ወደ በሩ የዞረው ነው። የለመደውን መሣሪያ የተነሣ ተጫዋች ማሰብ ይጀምራል። እኛም ለተማሪዎቻችን ቀመሩን አስቀድመን ባንሰጥ ምን እንደሚያገኙ መጠየቅ ይገባናል።

እንዲህ ስንል ጨዋታው ነቀፌታ የለበትም ማለታችን አይደለም። ትግሉ ሲጠና ሜዳው በብልጭታ ስለሚሞላ ተጫዋቹ የገደለውን ነገር ሳያይ ይሞታል። ያልታየ ስሕተት ደግሞ አያስተምርም፤ ምክንያቱን ሳይጽፉ በቀይ እስክሪብቶ ብቻ እንደሚሰርዙት የፈተና ወረቀት ነው። በተጨማሪም በሁለተኛው ጨዋታ የጓደኛ ነጥብ ሁልጊዜ ከፊት ስለሚታይ «አንድ ጊዜ ብቻ» ያልነው ሰዓት ይፈጃል። እኛም ያልታረመ የተማሪ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ትተን አምሽተናል። እንግዲህ «ጊዜ ማጥፊያ» ያልነው በከፊል እውነት ነበር፤ ያልነው ግን ሳናየው ነበር።

ቢዛር ክሪኤሽንስ በ2011 ተዘግቷል፤ ያ ዕጩ መምህርም ዛሬ በመምህርነት ላይ ይገኛል። ጥያቄው ሊመለስ የሚገባው በጥያቄ እንጂ በእምቢታ አልነበረም። «እያንዳንዱ ቅርጽ የሚታዘዝለትን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ» ብንለው ኖሮ ጥሩ የጥናት ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ይህን መልመጃ፣ የሚወዱት ጨዋታ ላላቸው ተማሪዎች ሁሉ ዛሬ እናቀርባለን፤ ለሥራ ባልደረቦቻችን ደግሞ አስቀድሞ ማየትን፣ ከዚያ በኋላ መፍረድን።