ከበሬው በፊት ምን ተሸጠ?

ጅዳና መካ ያለን የወሎ ልጆች አገር ቤት ስንደውል ሰላምታው እንዳለቀ መጠየቃችን አይቀርም፦ በልጉ ገባ ወይ? በሬዎቹስ? ይህን ጥያቄ ተከትሎ የገበሬውን ቤት ከውስጥ ያየ ጥናት ሲነሳ ቀድመው የሚታሰቡኝ አጥኚው አቶ ደሳለኝ ራህመቶ ናቸው።

በ1977 ዓ.ም. የዜና ካሜራ ኮረም ወደነበረው የረኀብተኞች መጠለያ ሲደርስ ረኀቡ ጣሪያ ነክቶ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ተመልሰው፣ መጠለያው ሳይኖር በፊት በወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ገበሬው ምን ያደርግ እንደነበር ጠየቁ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1987 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1991 ደግሞ በስዊድን ኡፕሳላ ታተመ።

እኔን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ገበሬው የሚነቃው ጎተራው ሲራቆት አይደለም፤ ዝናቡን መጠራጠር ሲጀምር ነው። መጀመሪያ ማዕዱ ይሳሳል። ከዚያ ጉልበት ያለው ሥራ ፍለጋ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ ንብረት ይሸጣል። ቤት ዘግቶ መሰደድ የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ከሚሸጠው ውስጥ የእርሻ በሬው እስከ መጨረሻው ይቆያል። በሬውን ቶሎ የሸጠ፣ ዝናቡ ቢመለስ በምን ያርሳል? ያዘገየም አይድንም፤ ሁሉም ከብቱን ገበያ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህሉ ግን በየሳምንቱ ይወደዳል፣ በሬውም እየከሳ ይሄዳል። ሌላው ሰው እጁን አጣጥፎ እርዳታ የሚጠብቅ ምስኪን ባየበት ቦታ፣ አቶ ደሳለኝ ይህን የመሰለ ከባድ ስሌት የሚያሰላ አባወራ አሳዩን። ለወገኖቼ ከተደረገላቸው ክብር ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ መሬት ሥሪቱ ለውጥ ባሳተሙት መጽሐፍም ዓይናቸው ያው ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ድሉን አልካዱም። ጥያቄያቸው በአንድ ቤተሰብ እጅ ስንት መሬት ገባ የሚል ነበር። አዋጁ እስከ 10 ሄክታር ቢፈቅድም የብዙው ድርሻ ከዚያ እጅግ ያነሰ ሆነ። ጎጆ የወጣ ወጣት ሁሉ መሬት ይሻልና ሽግሽጉ ማለቂያ አልነበረውም፤ ነገ ለሌላ ሊሰጥ በሚችል ማሳ ላይ ደግሞ ማን ልፋቱን ያፈሳል? ይህን የጻፉት አዋጁን ያወጣው መንግሥት ሥልጣን ላይ ሳለ ነው።

ዛሬ እዚህ ሳዑዲ ስላለነው ስደተኞች የሚወራው አብዛኛው ነገርም ከጅቡቲዋ ኦቦክ ጀልባ ወይም ከአውሮፕላን ማረፊያው ይጀምራል። ለደላላው የተከፈለው ገንዘብ የየትኛው ከብት ዋጋ እንደነበር፣ ከተሰደደችው ልጅ በፊት ከቤቷ ምን እንደወጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በአምባሰሉ ሥራ መንገድ የሠለጠነ አጥኚ መጀመሪያ የሚሄደው ልጅቷ ወደተነሳችበት ቤት፣ ወደ በረቱ ነው።